የቀድሞው ባለቤት

ኩታይሲ ከተማ፣ ከአትክልቱ ገበያ ጀርባ፣
ደረጃ ሥር ናት ሱቄ፣ ከአንድ ደንበኛ በላይ የማታስገባ።
ሐሙስ ዕለት ካፊያ ላይ፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ፣
ናዚብሮላ መጣች፣ ስልኩን ቋጥራ በመሐረብ ጫፍ።

«አንቀላፋብኝ» አለች፣ «እንደ አሮጌ በቅሎ ለገመ።
የልጅ ልጄ እንዲፈጥን ብሎ ሁሉን ጠረገው፤
ይኸው ባሰበት፣ ታመመ።»

ተቀበልኳት። ጥጉ ተላልጧል፣ ጀርባው በላብ ተፍቋል፤
መስኮቱ ላይ ባዶ ሣጥን፣ ከበላዩ ትእዛዝ ቆሟል፦
«መሣሪያው እንደ አዲስ ተጀምሯል።
ለመቀጠል የቀድሞው ባለቤት በአካውንቱ ይግባ።»

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ» አለች፣ «አርባ አንድ ዓመት ሙሉ።
ቫርላም እንደሆነ ካፈር በታች ነው፣ አይመጣም ለቃሉ።
ንገረውና ይክፈት።»
                    ነገርኩት በምችለው ሁሉ፦

ዋይፋዩን አገናኘሁ፤ «መግባት አልተቻለም» አለኝ።
የራሴን ኢንተርኔት አጋራሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ።
አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሲሙን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁ፤
ያንኑ። መነጽሬን አውልቄ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ፤
ጥጉ ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈች ቀን አነበብሁ፦
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት፣
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።

ባትሪው ደርቆ ሲሞት፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤
የዛሬ ማኅተም ሲያሳዩት፣ ገና አልተቀረጸም ይላል፤
ካለበት ሌሊት ሳይወጣ ማንን በር ከፍቶ ያስገባል?

ዓመቱን ላቃና ጣቴን ስዘረጋ፣
እጄን ያዘችው። «ቆይማ። እዚያ ይንጋ።
ሲነጋ ጣሪያ ይወጣል፣ በረዶ ሊዝቅ በአካፋ።
ውረድ ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱ እቴ፣ ያፏጫል።»

ዝም አልን።
ከላያችን ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ይወርዳል።
ከዚያ እጄን ለቀቀችው።

ዐሥራ አራት። ዐሥራ አምስት። ስንቱ የወይን ለቀማ
ባውራ ጣቴ ሥር አለፈ፣ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ።
ሃያ ሦስት ላይ ጣቴ እንደ መሰናከል አለ፤
እሷ ወደ ጣሳዬ ዞራ ብሎን ትቆጥር ነበር።
ዛሬ ላይ አቆምኩት።
                    ዘበኛው አሁን ሰማን፦
«የይለፍ ቃል ያስገቡ።»

የሠርጋቸው ቀን፦ ስሕተት። የላዳው ታርጋ፦ ስሕተት።
የቀፎዎቹ ብዛት፣ የሞተው ውሻ ስም፦ ስሕተት።
ሊቆልፈን አንድ ሲቀረው ትዝ አለኝ የዘመኑ ነገር፦
የዛሬዎቹ በሙጫ ታሽገዋል፣ ይህ ግን ጀርባው
በጥፍር የሚከፈት ነበር።
ባትሪው ሥር፣ አራት የታጠፈ የሲጋራ ወረቀት፤
በእርሳስ፦ ናዚአትቆጪ1959።

«የተወለድኩበት ዓመት!» አለች። «ልደቴን እኮ
አንድ ቀን አስታውሶ አያውቅም።»

ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ ኮድ ልኬያለሁ አለ፣
ለዚያው ለተዘጋው ስልክ።
ቁልፉን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ በል ክፈት እንደ ማለት ነው።
ሲሙን ነቅዬ በራሴው ስልክ ከተትኩ፤
መዳፌ ላይ ነዘረ፤
ለቫርላም የተላከ፣ ስድስት አሃዝ።

ገባ።

ፎቶ የለም፤ ምትኬ አስቀምጦ አያውቅም ሰውየው።
የነካሁት ሁሉ «ይህ ስሪት ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚል ነው።
ዐሥራ አንድ ስም ብቻ ከሰማይ ወረደ፦
የቧንቧ ሠራተኛው፤ ወይን ገዢው ቤሲክ፤
«ጥርስ ሐኪም አትሂድ»፤ …
«እኔስ?» አለች።
በስሟ ፈለግን፣ የለችም። በ«ባለቤቴ»፣ የለችም።
«ቁጥርሽን ንገሪኝ» አልኳት፤ አንድ በአንድ ስጽፍ
መጨረሻዋ አሃዝ ላይ ብቅ አለ፦
«ቤት»።

ዐሥር ላሪ አልኩ፤ በሰባት ተስማማን።
አዲስ ቃል ምረጪ ብላት፣ እርሳሴን ተቀብላ
በዚያችው ወረቀት፣ ከሱ መስመር በታች፣
ጀርባዋን ሰጥታኝ ጻፈች፤ አጠፈች፤ ባትሪው ሥር መለሰች።
ክዳኑ ቀጭ አለ።

ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ ፊቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ
«ይህስ ስንት ይፈጃል?» ይለኛል።